ፖል ዳንስ ለጀማሪ፦ መጀመሪያ መውረጃው

ፖል ዳንስ ከወለል እስከ ጣራ በተተከለ ቋሚ ብረት (ፖል) ላይ የሚሠራ ዳንስ ነው። ስለሱ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «26 ዓመቴ ነው። የምኖረው አዳማ ነው፤ ሥራዬ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ መዋል ነው። ፖል ዳንስ በቪዲዮ አይቼ በጣም ወደድኩት። እዚህ የሚያስተምር ሰው ግን አላገኘሁም። ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቻለሁ። ብየዳ ቤት ፖል አሠርቼ ሳሎን ውስጥ ላስተክል አስቤያለሁ። ፑሽ አፕ አንድም አልችልም። ከየትኛው ትሪክ (እንቅስቃሴ) ልጀምር? በእግር ተንጠልጥሎ ቁልቁል መዘቅዘቅስ በስንት ጊዜ ይቻላል? አንድ ቀን ጂም ቤት ያለ ቋሚ ብረት ላይ ሞክሬ ጭኔ በለዘ፤ እናቴ ደነገጠች። ይሄ ጤነኛ ነው?»

እህቴ፣ የጭንሽ መበለዝ አያስጨንቅሽ፤ እመጣበታለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ብየዳ ቤቱ ነው። እሱንም በቦታው እናየዋለን።

የጂምናስቲክ አሰልጣኝ ነኝ። ያደግሁት የሰፈራችን የሰርከስ ቡድን ውስጥ ነው፤ ቀጥ ያለ ምሰሶ ላይ መውጣት የጀመርኩትም ያኔ ነው። ፖል ዳንስን በሥርዓት የተማርኩት ግን ለሥራ ዱባይ ሄጄ ሳለ ነው። የምነግርሽ ከሁለቱም ያገኘሁትን ነው።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለመውጣት ጠይቀሻል፣ ስለመዘቅዘቅ ጠይቀሻል። ስለመውረድ ግን አንድ ቃል የለም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቪዲዮው ልጅቷ እግሯን ዘርግታ ስታምር ያበቃል፤ ከዚያ እንዴት እንደወረደች አናይም። እኔ ተማሪ ስይዝ ከመውረጃው ነው የምጀምረው። ከአንድ ትሪክ በዝግታና በጸጥታ መውረድ ካልቻለች ወደዚያ ትሪክ አላስወጣትም። ሰው ፖል ላይ የሚጎዳው ሲወጣ እምብዛም ነው። ላይ ደርሶ፣ እጁ ደክሞ፣ የመመለሻው መንገድ ሲጠፋው ነው።

መንገዱ የማይጠፋሽ መያዣሽን ስትቆጥሪ ነው። ፖል ላይ ያለ ትሪክ ሁሉ የመያዣ ጉዳይ ነው። መያዣ ማለት ሰውነትሽ ብረቱን የነከሰበት ቦታ ነው። እጅ ሊሆን ይችላል፣ ቋንጃ ሊሆን ይችላል፣ ብብት፣ የጭን ውስጠኛው ክፍል፣ የእግር ጫፍ። ፖል ላይ ስትቀመጪ ለምሳሌ ሁለቱ ጭኖችሽ አሉ፣ ሁለቱ እጆችሽ አሉ። አንድ እጅ ስትለቂ ሦስት ቀረሽ። ሁለተኛውን ስትለቂ ጭንሽ ብቻ ቀረ። ተማሪዎቼን ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደርጋቸዋለሁ። «ቀኝ ጭን፣ ግራ ጭን፣ ቀኝ እጅ።» መቁጠር ያቃታት ቀን ያን ትሪክ እናቆማለን። ሕጉም አንድ ነው፤ አዲሱ መያዣ ሳይነክስ አሮጌው አይለቀቅም። የትሪኮቹን ስም መሸምደድ ይህን ያህል አይጠቅምሽም። በተለይ ለፖሉ በቀረበው ወይም ከፖሉ በራቀው እግር ቋንጃ መንጠልጠልን አንዱ አገር ጀሚናይ ሲለው ሌላው ስኮርፒዮ ይለዋል። ስሙን ትተሽ «ምን ላይ ነው የተንጠለጠለችው?» ብለሽ ተመልከቺ።

አሁን ወደ ሰውነትሽ። ፑሽ አፕ አለመቻልሽ ብዙ አያሳስበኝም። ለጀማሪ ፖል የሚፈልገው ከመግፋት ይልቅ መጎተትንና መንጠልጠልን ነው። እኔ የማስበው ስለ ትከሻሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው ትከሻው ወደ ፊት ይመጣል፣ ወደ ጆሮውም ይወጣል። በዚያ ትከሻ ሙሉ ክብደትሽን ብትሰቅዪ ጭነቱን የሚሸከመው መገጣጠሚያውና ጅማቱ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል። ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ብዙ ጀማሪ በሁለተኛው ወር «አሁንማ ችያለሁ» ሲል የሚጎዳው ለዚህ ነው። ጡንቻው ችሏል፣ ጅማቱ ገና ነው።

አዳማ ውስጥ ጂም ቤት አይጠፋም። መጎተቻ ብረት (ተንጠልጥለው ራስን ወደ ላይ የሚስቡበት አግድም ብረት) ያለው ይበቃሻል። ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ፖል ባይኖርሽም ምንም አይቀርብሽም። ብረቱን ያዢና ተንጠልጠይ። ከዚያ ክርንሽን ሳታጥፊ ትከሻሽን ብቻ ከጆሮሽ አርቂው። ጀርባሽ ላይ ያሉት ሁለት ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ሱሪሽ የኋላ ኪስ የሚወርዱ ይምሰልሽ። ሰውነትሽ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ናት የፖል ሀ ሁ። ከላይ የሚታየው ውበት ሁሉ በእሷ ላይ የተሠራ ነው።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። 30 ሰከንድ ሳትለቂ መንጠልጠል። ያቺን የትከሻ እንቅስቃሴ 8 ጊዜ መሥራት። በርጩማ ላይ ቆመሽ አገጭሽን ከብረቱ በላይ ካደረግሽ በኋላ በ5 ሰከንድ ቀስ ብለሽ መውረድ፣ ይህንንም 5 ጊዜ። በመጨረሻ ተንጠልጥለሽ ሳትወዛወዢ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ 5 ጊዜ ማምጣት። እነዚህን ስትችይ ፖሉ እንግዳ አይሆንብሽም። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሟሙቂ። በተለይ የእጅ አንጓሽን አትርሺው።

ትሪክ መጀመሪያ ከመሬት ነው። በፖሉ ዙሪያ መራመድ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ፖሉን በቀኝሽ አድርጊ፣ ቀኝ እጅሽን ከራስሽ በላይ ያዢ፣ ክንድሽ ይዘርጋ፣ ትከሻሽ ይውረድ። በእግር ጣትሽ እየተራመድሽ ክብደትሽን ከፖሉ ወደ ውጭ ጣዪው። ብዙ ጀማሪ ፈርታ ብረቱን ታቅፋለች። ሽክርክሪት የሚመጣው ግን ከመራቅ ነው። ከዚያ ፋየርማን የሚባለው ሽክርክሪት ይከተላል። ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ እጅ ደረትሽ ፊት። ቀኝ እግርሽ ፖሉ አጠገብ ይረግጣል። ግራ እግርሽ ሰፊ ክብ ሠርቶ ይዞራል። በመጨረሻ ሁለት ጉልበቶችሽ ብረቱን ይቆነጥጡታል። አትዝለዪ። የሚያዞርሽ የእግሩ ክብ ነው። ዝላይ ግን ክብደትሽን በአንድ ጊዜ ትከሻሽ ላይ ይጥለዋል።

ቀጥሎ መውጣት ነው። ፖሉ በአንደኛው እግርሽ ቅልጥምና በሌላው እግርሽ ባት መሃል ይቆነጠጣል። እግርሽ ነው የሚያወጣሽ፤ እጅ ሚዛን ይጠብቃል። ቆንጥጠሽ ቁሚ፣ እጅሽን ከፍ አድርጊ፣ ጉልበትሽን ሰብስቢ፣ እንደገና ቆንጥጪ። ከዚያ ውረጂ። አንድ እርምጃ ወጥተሽ አንድ እርምጃ ውረጂ። ተንሸራቶ መውረድ መውረድ አይደለም። ከ3 እርምጃ በላይ የምትወጪው 3ቱን በዝግታ መልሰሽ መውረድ ስትችይ ነው። መቀመጥን ደግሞ ላይ ወጥተሽ አትሞክሪው። ቆመሽ ብረቱን በእጅሽ ከያዝሽ በኋላ እግርሽን አጣምረሽ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቀመጪ። ያማል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ያማል፤ አልዋሽሽም። ሁሉንም ነገር በግራም በቀኝም ሥሪ። ደካማው ጎንሽ ይቅደም፣ ሳይደክምሽ።

ስለ መዘቅዘቅ ላውራ። ዱባይ ፖል በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ አሰልጣኝ «እግርሽን ወርውሪና ተገልበጪ» አለችኝ። ወረወርኩት። ተገለበጥኩም። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ለሦስት ሳምንት እንደዚያ እየወረወርኩ ሠራሁ። አንድ ቀን ማታ የቀኝ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። በማግስቱ እጄን ጸጉሬን ለማበጠር ማንሳት አቃተኝ። አራት ወር ከፖል ራቅሁ። እስከ ዛሬ ያ ትከሻ ብርድ ሲነካው ያስታውሰኛል። ለአንቺ በዝርዝር የምጽፈው ያ እንዳይደርስብሽ ስለምፈልግ ነው።

መገልበጥ ማንሳት ነው። መወርወር አይደለም። ፖሉን በጎንሽ ይዘሽ፣ ክርኖችሽ ታጥፈው፣ ብረቱ ከብብትሽ አጠገብ ሆኖ፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ሰብስበሽ 10 ሰከንድ ቆዪ። በቀኝም በግራም። ይህን ስትችይ ዳሌሽን ከፍ ማድረግ ትለማመጃለሽ። እግርሽ ቀስ ብሎ ይከተላል። በተመሳሳይ ዝግታ መመለስ ካልቻልሽ ገና ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሠሩ ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ይህን በንጽሕና የሚሠሩት ከ4 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ነው። በቋንጃ ብቻ ተንጠልጥሎ እጅ መልቀቅ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ያንን ደግሞ ለብቻሽ አትሞክሪው። አጠገብሽ ትሪኩን የሚያውቅ፣ የት ይዞ እንደሚደግፍሽ የተማረ ሰው ይኑር። ከሥር የተነጠፈ ስፖንጅ ፍራሽ ቁርጭምጭሚትሽን ያድንሽ ይሆናል፤ በራስሽ ወድቀሽ አንገትሽ ከታጠፈ ግን አያድንሽም። የላይኛው እጅ ተጠምዝዞ የሚይዝበትን አያያዝም ለመጀመሪያው ዓመት ተዪው። ትከሻን ወደ ውስጥ አዙሮ ክብደት ይጭንበታል።

የደም ግፊት ካለብሽ፣ የዓይን ግፊት ካለብሽ፣ ትከሻሽ ወልቆ የሚያውቅ ከሆነ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ መዘቅዘቅን ከማሰብሽ በፊት ሐኪም ያናግርሽ።

አሁን ወደ ብልዙ። ጭን ውስጥ፣ የእግር ጀርባ ላይ፣ ቋንጃ ዙሪያ መበለዝ የተለመደ ነው። ቆዳው ከብረቱ ጋር ሲላመድ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። የማይለመደው ሌላ ነው። ጣት መደንዘዝ፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም፣ የክርን ውስጠኛው አጥንት ላይ ሻይ ብርጭቆ ስታነሺ የሚሰማ ሕመም። ይህ የክርን ሕመም ብረቱን ከልክ በላይ የሚጨብጡ ሰዎች በሽታ ነው። ከመጣ አርፈሽ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂጂ። በመበለዙ ላይ ግን ለእናትሽ በደንብ አስረጃት። እናት የበለዘ ጭን አይታ ብትደነግጥ እውነቷን ነው።

ምናልባት ብልዙ ብቻ ላይሆን ይችላል ያስደነገጣት። ስሙም ነው። ፖል ዳንስ ሲባል ብዙ ሰው የምሽት ክለብ ነው የሚታየው። ይህን መካድ አያስፈልግም። የዛሬው ፖል ዳንስ ብዙ ነገሩን ያገኘው በሰሜን አሜሪካ ክለቦች ውስጥ ከሠሩ ሴቶች ነው። ለእነሱ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ምሰሶ ላይ መሥራት ከዚያ በፊትም ነበር። ሕንድ ውስጥ ማላክሃምብ የሚባል በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሠራ ጂምናስቲክ አለ። የቻይና ሰርከስ ሠሪዎች ጎማ በለበሰ ምሰሶ ላይ ልብስ እንደለበሱ ይወጣሉ፤ እኛም ልጅ ሆነን የምንወጣው በዚያ መንገድ ነበር። ዓለም አቀፍ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ከ2012 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና ያካሂዳል። አጭር ቁምጣው ለታይታ አይደለም። ጨርቅ ብረት ላይ ይንሸራተታል፣ ቆዳ ግን ይይዛል። ቢሆንም ያሳቀቀሽን ነገር እንድታደርጊ አልፈልግም። መራመዱንና ሽክርክሪቱን ሱሪሽን እስከ ጉልበት ሰብስበሽ ልትማሪ ትችያለሽ። ቁምጣ የግድ የሚሆነው መቀመጥ ስትጀምሪ ነው። መጋረጃ ዘግተሽ፣ ከሴት ጓደኛሽ ጋር ሥሪ። እናትሽንም አንድ ቀን ጋብዣትና ስትሠሪ ትይሽ።

ቆዳ የሚይዘው ደግሞ ቅባት ከሌለው ነው። በምትሠሪበት ቀን ቫዝሊንም ሎሽንም ግሊሰሪንም አይነካሽ። ጸጉርሽን ቅቤ የምትቀቢ ከሆነ ከልምምድ በኋላ አድርጊው። በአዳማ ሙቀት ቅቤው ወደ አንገትና ወደ ክንድ ይወርዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ከሰዓት አትሥሪ፤ በማለዳ ይሻላል። ንፋሱ የሚያመጣው አቧራም ብረቱ ላይ ያርፋል። ፖሉን ከፋርማሲ በሚገኝ 70 ፐርሰንት አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው። እጅሽ የሚያልብ ከሆነ ጂምናስቲክ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነጭ የማግኒዥየም ዱቄት ይረዳል። ቀለበትና አምባር ይውጣ። የአንገት መስቀልሽን ማውለቅ ካልወደድሽ ወደ ጀርባ አዙረሽ በፕላስተር ለጥፊው።

ወደ ብየዳ ቤቱ ደረስን። ውድድር ላይ የሚጠቀሙበት ፖል ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው ባለ አንድ ተኩል ኢንች የውሃ ቧንቧ ከውጭ ሲለካ 48 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ አንድ ከሩብ ኢንቹ 42 ነው። ሁለቱም ለእጅ ይሆናሉ። እጅሽ ትንሽ ከሆነ ቀጭኑ ይመችሻል። የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለደረጃ መደገፊያ የሚሠራው የሚያብረቀርቅ እስቴንለስ ቱቦ ያማልላል፣ የተገዛ ፖልም ይመስላል። ግድግዳው ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፣ ይጎብጣል። የቧንቧው መሃል ላይ ብየዳ እንዳይኖር። ሻካራ ቦታ ካለው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ቀለም አይቀባ፤ ይላጣልና ቆዳሽ ላይ ይለጠፋል።

ትልቁ ችግር ግን ቧንቧው አይደለም፣ ጣራው ነው። 60 ኪሎ የሆነች ሰው ስትሽከረከር 60 ኪሎ ብቻ አይደለም የምትጎትተው። ወደ ጎንም ትጎትታለች፣ ትነቀንቃለችም። ኮርኒስ ይህን ፈጽሞ አይችልም። የአንቺ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ስለዚህ «ኮንክሪት ነው» ትዪ ይሆናል። ብዙዎቹ የመንግሥት ኮንዶሚኒየሞች ጣራ ግን የተሠራው በተዘጋጁ ቀጫጭን የኮንክሪት ተሸካሚዎች መሃል ክፍት ብሎኬት ተደርድሮ ነው። ከሥር በልስን ስለሚሸፈን ሁሉም አንድ ይመስላል። ፖሉን በኃይል አጥብቀሽ ከብሎኬቱ ሥር ብትገትሪው ብሎኬቱ ሊሰበር ይችላል። ከላይ ደግሞ የጎረቤት ወለል ነው። ብየዳ ሠራተኛው ብረቱን ያውቃል፣ ጣራውን አያውቅም። ስለዚህ ተሸካሚው የት እንደሚያልፍ የሚያውቅ የሕንፃ ባለሙያ ይይልሽ። አከራይሽም ይስማሙ። ቢፈቀድም በቱንቢ ተለክቶ ቀጥ ብሎ ይተከል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት በሁለት እጅሽ ነቅንቂው። ዙሪያው ላይ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ይኑር። ሶፋና የቡና ረከቦት ከመንገድ ይነሱ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ቤት ውስጥ አልተክልም ነበር። የኮንክሪት ምሰሶና ወፍራም ተሸካሚ ያለው ጂም ቤት ፈልጌ ባለቤቱን አነጋግራለሁ። ሁለት ሦስት ጓደኞች አሰባስቤ ወጪውን እካፈላለሁ። አንዷ ስትሠራ ሌላዋ ቆማ ትጠብቃለች። ብቻን ከመሥራት በብዙ ይሻላል።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሻል፤ በመሃሉ ቢያንስ 48 ሰዓት እረፊ። የምትጾሚ ከሆነ ባዶ ሆድሽን አትዘቅዘቂ። ከበላሽ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ ሥሪ። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም፤ በጾም ሽሮና ምስር አይጉደልብሽ።

ቅዳሜ ጂም ቤት ሂጂና መጎተቻ ብረቱ ላይ ተንጠልጠይ። ጓደኛሽ በስልኳ ሰዓት ትያዝልሽ። ስንት ሰከንድ እንደቆየሽ፣ መጀመሪያ የደከመው መዳፍሽ ይሁን ትከሻሽ ጻፊልኝ። የሳሎንሽን ጣራ ፎቶም አብረሽ ላኪው። የሚቀጥለውን ከዚያ ተነስተን እናወራለን።